የሚመልስ ድምፅ

በሰቆጣ «ኔትወርክ ጠፋ» ብሎ እንደመዋሸት የሚቀል ውሸት የለም። ማስረጃ የሚጠይቅ አይገኝም፤ ሰዉ ገና ሳይጨርሱለት ራሱን ነቅንቆ ይቀበላል። ምስራቅም በዚህ ተማምና ነው የዋሸችው። ክፋት አላሰበችም። ክፋት አስባ ቢሆን እንዲህ ባልተንገበገበች።

ምስራቅ ከገበያው በላይ ባለችው ጠባብ ሱቋ ቀፎና ቻርጀር ትሸጣለች፤ ዋይፋይም ታስጠቅማለች። ስልክ የሌላቸው የገጠር እናቶች ደግሞ በገበያ ዕለት እየመጡ በእሷ ስልክ፣ በኢሞ፣ ዓረብ አገር ካሉ ልጆቻቸው ጋር ያወራሉ። ከሁሉም ቀድመው የሚደርሱት እማማ ወለተ ሐና ናቸው። ልጃቸው ሸጋው ሪያድ ነው ያለው። በሥራ ሰዓት ስልክ አይፈቀድለትም፤ የሚደውለው በእረፍቱ ነው፤ እሳቸውም ያቺን ጥሪ ሊጠብቁ ቁልቁለቱን ወርደው ይመጣሉ።

ያን ዕለት እማማ ወለተ ሐና አግዳሚው ላይ እንደተቀመጡ፣ ምስራቅ ፌስቡክ ስትከፍት የሸጋው ፎቶ ብቅ አለ። ከጎኑ ሌላ ጎረምሳ ቆሟል። ከሥራቸው ሻማ በርቷል፤ ከላይ «ወንድማችንን አጣን» ይላል። ደንግጣ የሸጋውን ገጽ ብትከፍት፣ የእሱ ፊት በነበረበት ቦታ ጥቁር ላይ የበራ ሻማ ብቻ አየች። ክው አለች። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ለማንበብ ዓይኗ እምቢ አላት።

መርዶ በሱቅ አይነገርም። መርዶ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በሽማግሌ አፍ ነው የሚነገር። ከደንበኞቹ አንዱ አይቶ «ውይ ሸጋው!» ቢል እናት ገበያ መሀል መውደቃቸው ነው። ምስራቅ እጇን ከጠረጴዛው ሥር ሰዳ የዋይፋዩን ገመድ ነቀለች፤ የራሷንም ስልክ አጠፋች።

«ኔትወርክ ጠፋ፣ እማማ።»

«ይመጣል» አሉ እማማ ወለተ ሐና። «በጦርነቱ ጊዜ ያን ያህል ጠፍቶስ መጥቶ የለ? እጠብቃለሁ።»

እሳቸው ተቀመጡ፤ መቀመጥ ያቃታት ምስራቅ ናት። የተወለወለውን መስታወት መልሳ ወለወለች። በር ላይ ወጣች፣ ገባች፣ ደግሞ ወጣች። ደንበኞቹ እየተነጫነጩ ሄዱ። እማማ ወለተ ሐና ከነጠላቸው ጫፍ ቆሎ ፈትተው ዘረጉላት።

«ብዪ እንጂ ልጄ፤ ፊትሽ ገርጥቷል።»

ቆሎውን ተቀብላ በመዳፏ ጨበጠችው። በዚያች ደቂቃ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እማማ ተነሡ። «ቢደውል፣ ስትጠብቅህ ውላ ሄደች በይልኝ» አሉና ወጡ። ምስራቅ ወዲያው ገበያ ውስጥ ወርዳ የመንደራቸውን ሽማግሌ አያ ሙሉሰውን ፈልጋ በጆሯቸው ነገረቻቸው። አያ ሙሉሰው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «በይ ለማንም አትተንፍሺ። ጎህ ሲቀድ እኛ እንነግራለን።»

ምስራቅ እንቅልፍ ባይኗ አልዞረም። ሰማዩ ሲገረጣ ተነሥታ ገመዱን ሰካች፤ ስልኳንም አበራች። ስልኩ ተንጫጫ። ሸጋው! ትናንት፣ ሻማው ከተለጠፈ በኋላ፣ ደጋግሞ ደውሏል። የድምፅ መልእክትም ትቷል፦ «እማ፣ ዛሬስ ምነው ጠፋሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ አታስቢ።» ያንን ጽሑፍ እስከ ታች አነበበችው። የሞተው ከጎኑ የቆመው ነው፤ ቢሆነኝ የሚባለው የጋዝጊብላ ወረዳ ልጅ። ሸጋው ሻማውን የለጠፈው ለጓደኛው ኖሯል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይሏል እንዲህ ነው። ደወለች፤ አያነሣም። ሥራ ገብቷል። ስልኩን ጨብጣ ዳገቱን በሩጫ ተያያዘችው።

መንደሩ ሳትደርስ ዋይታው ተቀበላት።

እማማ ወለተ ሐና ደረታቸውን እየደቁ በአገሬው ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ ልጃቸውን ይጠራሉ። ምስራቅ ሰዉን ጥሳ ገባች። «አልሞተም! እማማ፣ አልሞተም! ይኸው ድምፁ!» ድምፁን ከፈተችው። ለቅሶው ጸጥ አለ። «...እኔ ደህና ነኝ፣ አታስቢ።»

አያ ሙሉሰው አፈጠጡባት። «ትናንት ሞተ ያልሽኝ አንቺ! ዛሬ አልሞተም የምትዪ አንቺ!»

«ተሳስቼ ነው፣ አያ። ይኸው፣ የላከው ትናንት ነው።»

እማማ ወለተ ሐና ቀና ብለው አዩዋት። ዓይናቸው ደም መስሏል። «ትናንት ኔትወርክ የለም አላልሽኝም? ታዲያ ይህ በየት መጣ?»

«ዋሽቼዎት ነው፣ እናቴ። ገመዱን የነቀልሁት እኔ ነኝ።»

«ዛሬስ አለመዋሸትሽን በምን ልወቅ?»

ድምፁ የተላከው ሞተ ከመባሉ በፊት ይሁን በኋላ፣ ይህን የሚያውቅላቸው ሰው እዚያ አልነበረም። ልደውልና ላሳይ እንዳትል፣ እዚህ መንደር ኔትወርክ በእውነት አይደርስም። ከቀጣፊ አፍ የወጣ እውነት ማን ያምናል? ምስራቅ አፍራ አቀረቀረች።

«የተቀዳ ድምፅ አልፈልግም» አሉ እማማ፣ ዱላቸውን አንሥተው። «ስጠራው የሚመልስልኝን ነው የምፈልገው። ምሪኝ።»

ሰዉም ተከትሎ ወረደ፤ እኩሌታው እያለቀሰ፣ እኩሌታው ማልቀስ ይኑርበት አይኑርበት ግራ ገብቶት። ሱቁ ውስጥ ምስራቅ ደወለች፤ አያነሣም። ደግማ ደወለች፤ አያነሣም። እማማ አልተቀመጡም፤ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳሉ። የእረፍቱ ሰዓት ሲደርስ ስልኩ ራሱ ጮኸ።

«እማ?»

እማማ ወለተ ሐና አላለቀሱም። በኽምጣና ቆጣ ብለው ጠየቁት፦ «ልትሄድ ስትል የሸጥነው በሬ፣ ስሙ ማን ነበር?»

«ጉራች ነዋ! ምነው እማ፣ ምን ሆናችሁ?»

ያን ጊዜ እማማ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ አያ ሙሉሰው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ምስራቅ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። ሸጋው ግን አልሳቀም። «ቢሆነኝን ቀበርነው፣ እማ» አለ። «ለእናቱ የነገራት የለም።»

እልልታው ቆመ። ይታየሽ የሚባሉት የቢሆነኝ እናትም በገበያ ዕለት እዚሁ አግዳሚ ላይ፣ ከእማማ ወለተ ሐና አጠገብ የሚቀመጡ ሴት ናቸው። ትናንት አልመጡም ነበር።

አንዲት ዘመድ የእማማን የለቅሶ ነጠላ ልታወርድላቸው እጇን ዘረጋች። እሳቸው ነጠላውን ያዙት።

«ተዪኝ፤ የይታየሽ ልጅ ለቅሶ እደርስበታለሁ።» ወደ አያ ሙሉሰው ዞሩ። «ዛሬ ጋዝጊብላ ገብተን እንደር፤ ጎህ ሲቀድ እንነግራለን።» ከዚያ ምስራቅን አዩዋት። «አንቺም ሱቅሽን ዝጊና ተነሺ። በዚህ ጊዜ እስከ ታች አንብበሽዋል?»

«አንብቤዋለሁ፣ እናቴ» አለች ምስራቅ፤ ቁልፏንም ፈልጋ ተከተለቻቸው።