የተጣመመው ቱንቢ

ሰፈሩ «ዶሮው» የሚለው ግንበኛ የቆመ ግድግዳ ማፍረስ አመል ሆነበት። አብሮት የሚሠራው ታናሽ ወንድሙ ብሎኬቱን ደርድሮ ላቡን ሳይጠርግ ዶሮው ይመጣና፣ መሃሉ ሆድ አውጥቷል፣ አፍርሰው ይለዋል። ታናሽየው ውሃ ልኩን አስደግፎ ቢያሳየው ውሃ ልኩም ተበላሽቷል ብሎ ወረወረው። ወንድማማቾቹ እሳትና ጭድ ሆኑ።

አንድ ጠዋት ታናሽየው ትዕግሥቱ አልቆ ቱንቢውን ከግድግዳው አናት ለቀቀለት። ጫፉ ላይ ብረት የተንጠለጠለበት ክር ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ዶሮው አተኩሮ ሲያይ ክሩ መሃሉ ላይ ተጣምሟል። ብረት የሚጎትተው ክር እንደማይጣመም ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። አሸዋው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ታናሽየው ቂሙን ረስቶ፣ ክንዱን ይዞ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደው።

ሐኪሟ ዓይኑን መርምራ ስትጨርስ የሸሚዙን ኮሌታ ገለጥ አደረገች። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ይኸው የተነጨ ዶሮ የመሰለ አንገቱ ነው፤ ሲስቁበት አብሮ እየሳቀ ኖሯል። እሷ ግን አልሳቀችም። አብሮት የተወለደ፣ ከስንት ሺህ ሰው አንዱን የሚይዝ በሽታ ነው አለችው። ቆዳን የሚለጥጡት ክሮች ላይ፣ ኖራ ውስጥ ያለው ካልሲየም ይጋገርና ያደርቃቸዋል። ከዓይን ጀርባ ያለው ስስ ሽፋንም እንዲሁ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁም ደም ይሰርጋል። ዕድሜውን ሙሉ ኖራ ሲያቦካ የኖረ ሰው ነውና ነገሩ ቶሎ ገባው፤ ሲገባውም የነበረችው ተስፋ ተሟጠጠች።

ለቆዳው መድኃኒት የለም። ግራ ዓይኑ ከእጅ ወጥቷል፤ መታመም የጀመረውን ቀኙን ግን፣ ዓይን ውስጥ በሚወጋ መርፌ ምናልባት ማቆየት ይቻል ይሆናል። ሸክም ዓይኑን ያደማዋልና ብሎኬት መሸከም ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል።

«ካልሠራሁ ምን ልሁን?» አላት።

ሐኪሟ በሽታው ከአንድ እናት የወጡትንም ሊይዝ ይችላልና እህት ወንድም እንዳለው ጠየቀችው።

አጠገቡ የቆመው ታናሽየው ኮሌታውን ወደ ላይ ሳበ። ዶሮው እጁን ዘርግቶ በወንድሙ ኮሌታ ሥር አስገባ። የግንበኛ ጣት አይሸወድም፤ ከጆሮው ዝቅ ብሎ ጥቃቅን ፍሬ የመሰለ ነገር ቆዳው ላይ ተበትኗል። ያ ቅጽል ስም እንዳይጋባበት ሲደብቀው ኖሯል።

«እኔ'ኮ ክሩ ቀጥ ብሎ ነው የሚታየኝ፣ ጋሼ» አለ ታናሽየው።

«ለእኔም እስካምና ቀጥ ብሎ ነበር» አለው፤ እጁን ከወንድሙ አንገት ላይ ማንሳት አቃተው።