በዓሣ የተፈታ ጾም

ምንታምር የወንድሟን የበኃይሉን ሚስት ኮኪን ጠልታት አታውቅም። ቀንታባት ነው እንጂ። ሁለቱ ይለያያሉ። የሚጠሉት ሰው ቤት ላለመሄድ ሰበብ አይጠፋም፤ የሚቀኑበት ሰው ቤት ግን ምን እንደጎደለው ለማየት ሳይጠሩም ይኬዳል።

ነገሩ የተነሳው በሚሌኒየሙ ዋዜማ ዓመት፣ ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ምንታምር ከዋልዳ የስደተኞች ጣቢያ ወጥታ ኬንያ ሞያሌ ቤት ከተከራየች ወዲህ ፋሲካ የእሷ ነበር። ጣቢያው ውስጥ ሳሉ እንኳ በራሽን ምስር የድንኳኑን ረድፍ በሙሉ ያስፈሰከች እሷ ናት። ሹመት የላት፣ ሀብት የላት፣ ባሏም ሞቷል። ያላት ፋሲካ ነበር።

እርግጥ ነው፣ የእሷ ፋሲካ ጦርነት ነው። ልጇ ጃለቱ ከስድስት ዓመት በፊት ጎልቻ የሚባል ሙስሊም የቦረና ልጅ አግብታ ሰልማለች። እነሱ የክርስቲያን እርድ አይበሉም፤ ምንታምርም የሙስሊም እርድ በአፏ አይዞርም። ስለዚህ ሁለት ፍየል፣ ሁለት እሳት፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ጭልፋ። የእነ ጎልቻን ፍየል ሙስሊሙ ጎረቤቷ ዲባ ያርድላታል። እነ ጎልቻ ከአምስት ዓመቷ ልጃቸው ከኢክላስ ጋር የጓሮዋ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ሌላው ሰው ሳሎን። ምንታምር መሀል ቆማ «ያንን ጭልፋ አትንኩ! የነሱ ነው አላልኩም?» እያለች ስትጮህ ትውላለች። ሲመሽ ወገቧን ይዛ ስታቃስት ሁሉም «እግዜር ይስጥሽ፣ ደከምሽ» ይሏታል። ለዚያች ቃል ስትል ዓመቱን ሙሉ ትጠብቃለች።

ኮኪ ታዲያ አንድ ቀን ወረቀት ይዛ መጣች።

«እትዬ፣ ዘንድሮ እኛ ቤት ይሁን። ሁሉም አንዳንድ ነገር ያመጣል፣ ማንም አይደክምም። ጃለቱ ሰላጣ፣ ጎልቻ ሶዳ...»

«እኔስ?»

«እርስዎማ ቁጭ ብለው ይመርቁልናል።»

ይመርቁልናል! ገና አርባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የሽማግሌ ሥራ ሰጠቻት።

«ምን ልታርዱ ነው?»

«ምንም። በኃይሉ ከሐዋሳ ዓሣ በበረዶ ይዞ ይመጣል። ዓሣ እርድ የለው፣ ክርስቲያን እስላም አይል። ሁላችንም ከአንድ ትሪ እንበላለን።»

ፋሲካን በዓሣ! ሐምሳ አምስት ቀን ጾሞ፣ በዓሣ! ምንታምር የሳቀች መስላ ሸኘቻትና በሩን ዘጋች። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አለች ለባዶው ቤት። ይበልጥ ያሳረራት ደግሞ ሐሳቡ መልካም መሆኑ ነው። እሷ በስድስት ዓመት ያልታያት ነገር ለኮኪ በአንድ ወረቀት ላይ ታያት።

የፋሲካ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሽንኩርቷን ትከትፍ ጀመር። ዶሮ አሳረደች፣ አሥራ ሁለቱን ብልት አወጣች፣ እንቁላሉን ቀቀለች። ለማን እንደሆነ ስትጠየቅ «ለራሴ» አለች። ድስቱን በነጠላ ጠቅልላ ዘንቢል ውስጥ ደበቀችው። አንዴ ክዳኑ ሲከፈት ዓሣው የት ይገባ ይሆን፣ እናያለን!

በፋሲካ ቀን ኮኪ ቤት ስትደርስ መጀመሪያ የፈለገችው ጩኸት ነበር። የለም። ቀጥላ የፈለገችው የደከመ ፊት ነበር። እሱም የለም። በኃይሉ፣ በጭነት መኪና መሪ ላይ ያረጀው ወንድሟ፣ ሽርጥ አገልድሞ ዓሣ ይጠብሳል። ጃለቱ ቲማቲም ትቆርጣለች። ኮኪ ግን ተቀምጣ ትስቃለች። የቤቱ እመቤት ተቀምጣ! ምንታምር በሃያ ዓመት ውስጥ በፋሲካ ቀን አንድም ጊዜ ተቀምጣ አታውቅም።

ትሪው ቀረበ። ሁሉም ከበቡት፤ ጎልቻም፣ ኢክላስም። ልጅቱ አያቷን በቦረንኛ «አኮ» ነው የምትላት። «አኮ፣ ነይ እኔ ጋ!» ብላ ጎኗ አስቀመጠቻት። ጎልቻ ዓሣውን አገላብጦ አየው።

«አባቴ ቢያየኝ እባብ በላህ ይለኝ ነበር» አለ። «ቦረና ዓሣ ይበላል እንዴ? ዛሬ ግን ለናንተ ስል በላሁ።» ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ጎልቻ በምንታምር ቤት እንዲህ አስቆ አያውቅም።

ይሄኔ አላስቻላትም። ዘንቢሏን ሳበች።

«በዓሣ ጾም አይፈታም ልጆች!» አለችና የድስቱን ክዳን ከፈተች። ከትሪው መሀል ገለበጠችው። መረቁ ዓሣውን ዙሪያውን ያዘው፣ ሰላጣው ሥር ገባ፣ እንቁላሎቹ እስከ ዳር ተንከባለሉ። ስድስት ዓመት ስለ ጭልፋ ስትጮህ የኖረችው ሴት በገዛ እጇ!

የጎልቻ እጅ ወደ ኋላ ተመለሰ። የጃለቱም።

«ሃኩና ሺዳ፣ ማማ» አለ ጎልቻ፣ ምንም አይደል እንደማለት። «እኛ ጠግበናል።» ከሦስት ጉርሻ በኋላ ማን ይጠግባል?

ኢክላስ ግን የሶዳ ጠርሙሷን ይዛ ተነስታ ቆማለች። አልከፋትም፣ አላለቀሰችም፤ የለመደችው ነገር ነው።

«አኮ» አለች፣ «አሁን ወደዚያኛው ክፍል ልሂድ?»

ምንታምር ባዶውን ድስት አስቀመጠች። ይህን ትምህርት ለልጅቱ ያስተማራት ማን እንደሆነ ማንም አልነገራትም፤ መንገርም አላስፈለገም።

«አንቺ አትሄጂም» አለች በመጨረሻ። «የምሄደው እኔ ነኝ።»

ትሪውን አነሳችና ወደ ጓዳ ገባች። የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ የዶሮው ፈረሰኛ ተንጋሎ ተኝቷል፤ ልትበላው አልቻለችም። ከግድግዳው ወዲያ ወሬው ቀስ በቀስ ሞቀ፣ ከዚያ ሳቁ ተመለሰ። ሳቁ ይሰማል፣ ምን እንዳሳቃቸው ግን አይሰማም። ጎልቻ ስድስት ፋሲካ እንዲህ ነበር የሰማው።

ኮኪ ውሃና ሳሙና ይዛ መጣች።

«እትዬ፣ ይታጠቡ። በኃይሉ ሌላ ዓሣ ጠብሷል፣ ሌላ ትሪም አቅርቤያለሁ።»

ቁጣ የለ፣ ሽሙጥ የለ። ምንታምር በዚህም ቀናች፤ እሷ ብትሆን ለዓመት ታወራው ነበር። እጇን ዘረጋች። ጥፍሯ ሥር የገባው በርበሬ ቶሎ አልለቀቀም።

«ኮኪ» አለች እየታጠበች፣ «ከርሞ እኔንም ወረቀቱ ላይ ጻፊኝ።»

«ምን ብዬ፣ እትዬ? ዶሮ?»

«ዶሮውስ ይቅር። ሰላጣም ቢሆን።»

ተመልሳ ኢክላስ ጎን ተቀመጠች። ዓሣ መብላት አታውቅበትም፤ ትንሿ ልጅ ገብቷታል።

«ቆይ አኮ፣ እሾህ አለው» አለቻትና በትንንሽ ጣቶቿ እየለቀመች አወጣችላት። ከዚያ ጠቅልላ ወደ አፏ አስጠጋችላት። ምንታምር አፏን ከፈተች።