በኅዳር የሚታረስ ማሳ

በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ካርቱም አል-ሳሃፋ ውስጥ ዘምዘም ሰባት ዓመት ባገለገለችበት ቤት ሁለት ኸዋጃዎች፣ ፈረንጅ ባልና ሚስት፣ በእንግድነት ሰነበቱ። ያመጣቸው የማዳሟ ልጅ ኢስሐቅ ነው። ኢስሐቅ ፈረንጆችን ወደ መርዌ ፒራሚዶች እየወሰደ የሚያስጎበኝ፣ ሲመለስ ደግሞ የአንድ ቀን ፀሐይ ለአንድ ሳምንት የሚያስተኛው ጎልማሳ ነበር።

እንግዶቹ የመጡት ከኢትዮጵያ ነው። ዘምዘም ምሳውን ስታነሳ ኢስሐቅ ጠራት።

«ያላ፣ ነዪ! አገርሽን እዪ። ሴትዮዋ ወሎ ነበረች።»

ሴትዮዋ ስልኳን ዘረጋችላት። ዘምዘም መጀመሪያ ያየችው ሾላውን ነው፤ መብረቅ በምሥራቅ በኩል ቅርንጫፉን የገነጠለውን ሾላ። ከሥሩ ያለው ማሳ የእሷ ነው፤ አባቷ ሲሞቱ የደረሳት፣ በመሬት ደብተሩም ላይ በስሟና በፎቶዋ የተመዘገበ። ታናሽ ወንድሟ ከቢር ያርስላት ነበር። እሷም አገሯ ገብታ ከዚያ ማሳ ልትኖር ነበር ሐሳቧ።

ማሳው እየታረሰ ነው።

ዘምዘም ስልኩን አልመለሰችም። ዙሪያውን የጎረቤት ማሽላ ቀልቶ ለአጨዳ ደርሷል። ሰው ሁሉ ማጭዱን በሚስልበት በኅዳር፣ ከቢር መሐል ላይ በሬ ጠምዷል። ትልሙ ጣት አያሰጥምም። ማረሻው ዕለቱን ከገበያ የመጣ ይመስል ያብለጨልጫል። በሚቀጥለው ፎቶ ላይ ባርኔጣ አድርጋ እርፉን የጨበጠችው ራሷ ሴትዮዋ ናት፤ በሁለት እጇ፣ የሕፃን ጋሪ እንደምትገፋ። ከቢር አጠገቧ ቆሞ ያጨበጭባል።

«ምን ትላለች?» አለች ዘምዘም።

«ሕዝቡን ጊዜ አልነካውም ትላለች» ሲል ተረጎመ ኢስሐቅ። «በቀን ሁለቴ ያርሳሉ አለች።»

«በቀን ሁለቴ?»

«ጠዋት አንድ ቡድን፣ ከሰዓት አንድ ቡድን።»

ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እንባ አቀረረች። ዘምዘም ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ማዕድ ቤት ገባችና ደወለች።

«ከቢር፣ ሾላው ሥር ዘንድሮ ምን ዘራህ?»

«ማሽላ ነዋ፣ እቴ! ማሻአላህ፣ ሰው ያክላል።»

«ሰው ማከሉንስ አየሁ። ባርኔጣም አድርጓል።»

ከቢር ሳቀ።

«ደረስሽበት በቃ! ስሚኝ እቴ፣ ማሽላ የሚታጨደው በዓመት አንዴ ነው። ፈረንጅ በቀን ሁለቴ።»

«ፈረንጅ ተፈጭቶ ይበላል?»

«እህሉን ከገበያ እንገዛለን።»

«ገበያውስ ከማን ይገዛል? ሰው ሁሉ እንዳንተ አፈር ሲጭር ከዋለ?»

«ምን ይጎዳናል? አስጎብኚዎቹ ቆርቆሮ ፎቶ ያበላሻል ስላሉ ጣሪያዬን ሣር አለበስኩት። ሚስቴ ጀሪካኗን ደብቃ እንስራ ትሸከማለች። እኔም ሲመጡ ጫማዬን አወልቃለሁ።»

«አባባ ያንን ጫማ እግርህ ላይ ለማየት ስንት ክረምት አረሱ፣ ከቢር?»

ይህን ዘለለው። የቸኮለበት ሌላ ነገር ነበረው።

«አሁን ሾላው ሥር የእንግዳ ድንኳኖች ሊተክሉ ነው፤ ለአሥር ዓመት። ደብተሩ በስምሽ ስለሆነ ሽማግሌዎቹ ያላንቺ ቃል አይሆንም አሉ። ጁምዓ ከሶላት በኋላ ይሰበሰባሉ። ድምፅሽን ቀድተሽ ላኪልኝ፤ ፈቅጃለሁ በይ፣ በቃ።»

«ስመለስ ምን ላርስ?»

«ምን ማረስ አለ! ድንጋይ ወፍጮው ላይ ትቀመጫለሽ። ፈረንጅ የምትፈጭ ሴት ይወዳል።»

ዘምዘም ወደ ሳህኖቹ ተመለሰች። ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ጠርጋለች፣ አጥባለች፤ ብዙም ተሰድባለች። ቢሆንም ያጠበችው ሳህን የእውነት የቆሸሸ ነበር። ወንድሟ ደግሞ በገዛ ማሳቸው ላይ ገበሬ መስሎ ይውላል፤ እሷንም ፈጪ መስላ እንድትኖር ይጠራታል።

ሐሙስ ዕለት ድምፅዋን ቀዳች። የላከችው ግን ለከቢር አልነበረም፤ የሽማግሌዎቹ አለቃ ለሆኑት ለሼህ አብዱልሰላም ነው።

«እኔ የሙሄ ልጅ ዘምዘም ነኝ። ሾላው ሥር ያለውን ማሳዬን መሬት ላነሰው ለጎረቤታችን ለአብራር በእኩል ሰጥቻለሁ። በሬዎቹንም የገዛኋቸው እኔ ነኝ፤ እሱ ይጥመዳቸው። የበልግ ጤፍ ይዝራበት። ከምርቱ ግማሹ የሱ፣ ግማሹ የኔ። ድንኳን የሚተክል ካለ ከከቢር የሣር ጣሪያ ላይ ይትከል።»

ከቢር እስከ የካቲት አላናገራትም። በየካቲት ግን ደወለ፤ ሰላምታም አላስቀደመ።

«እቴ፣ አዋረድሽኝ! አብራር እንግዶቹን በጅራፍ አባረራቸው! ከዘሬ ላይ ውረዱ ብሎ ጮኸባቸው፤ አንዱማ ባርኔጣውን ጥሎ ነው የሮጠ!»

«እነሱስ ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ? ፎቶ አነሱት! እስከ ዛሬ ካየነው ሁሉ እውነተኛው ገበሬ ይኼ ነው አሉ። ነገም ያባርረን እንደሆነ አስጎብኚውን እየጠየቁ ነው!»

«ይጠይቁ። ጤፉስ? ተዘርቶ አለቀ?»

«አልቋል» አለ ከቢር፣ መርዶ እንደሚያረዳ።

ዘምዘም ስልኩን ዘጋች። እጇን አደራረቀችና ወደ ማዳሟ ገብታ ለሰኔ አጨዳ አገሯ እንደምትገባ ነገረቻት።