ዘመድ ያለው ይውጣ

አፊያ በካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ ያለችው የበረዶ አገር፣ የኑናቩት መሪ ሆና በተመረጠች በሳምንቱ ቆሽቷ አርሮ ነበር። መሪ መሆን ማለት ማዘዝ የሚመስለው ሰው ካለ ኑናቩት መጥቶ ይሞክረው! ፓርቲ የሚባል ነገር የለም። የምክር ቤቱ አባላት ለየብቻቸው ከየመንደራቸው ተመርጠው ይመጣሉ፣ ከመካከላቸው አንዱን መሪ ይሉታል፤ ከዚያ የአራት ዓመቱን ሥራ የትኛው ይቅደም፣ የትኛው ይከተል የሚሉት ሁሉም ክብ ሠርተው ተቀምጠው፣ ተስማምተው ነው። እሺ የሚል ቅንድቡን ያነሳል፤ ከመሃል አንዱ አፍንጫውን ከጨማደደ ግን እምቢ ማለቱ ነውና ነገሩ ቆመ። መሪዋም እንደ ማንም ያላት አንድ አፍ ነው።

በዚያ አንድ አፏ አፊያ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የአረጋውያን ቤት እዚሁ አገራችን ይሠራ፣ አንደኛ ይሁን። የመርሳት ሕመም የጠናባቸው ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት ስለሌለ በአውሮፕላን እየተጫኑ ወደ ደቡብ፣ ወደ ኦታዋ ከተማ ይላካሉ። እዚያ ቋንቋቸውን የሚሰማ የለም፣ ጥሬ ዓሣ የሚቆርጥላቸው የለም። ዝም ብለው ተቀምጠው ይቆዩና በሣጥን ይመለሳሉ። የአፊያ እናት ኒንጋ ከሄደች ሁለተኛ ክረምቷ ነው። በስልክ የልጇን ድምፅ መለየት ካቆመችም ቆይታለች።

ስብሰባው የተቀመጠው በአንዲት ትንሽ መንደር የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው። ውጭው ነፋስና በረዶ፣ ውስጡ ክርክር። ጠዋት አፊያ ስትገባ ሽማግሌው አባል ጆአናሲ ከወንበራቸው ብድግ አሉላት።

"እንዴት አደርሽ እናቴ?"

"ደህና ነኝ ልጄ። ጉልበትህን ተሻለህ?"

ከደቡብ የመጣው አማካሪ ካምቤል ይህን በሰማ ቁጥር ግራ ይገባዋል። ሰውየው ሰባ አልፏቸዋል፣ እሷ ገና ሃምሳዎቹ ውስጥ ናት። ነገሩ ግን ግልጽ ነው። በዚህ አገር ሕፃን የሟች ስም ይወጣለታል፤ ከስሙ ጋር ዝምድናውንም ይወርሳል። አፊያ የተሰየመችው በጆአናሲ እናት ስም ነው፤ ስለዚህ እናታቸው ናት፣ አለቀ።

ክርክሩን የከፈተው ታጋክ ነበር። ለመሪነት ከአፊያ ጋር ተወዳድሮ በጥቂት ድምፅ የተሸነፈው እሱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፣ እውነቱ ይነገር።

"ወደቡ አንደኛ ይሁን" አለ። "መርከብ በመጣ ቁጥር የሚጠጋበት አጥቶ ዕቃውን በጀልባ እያመላለሰ ዳርቻ ላይ ይዘረግፈዋል። የዱቄት ዋጋ እሳት ሆነ፣ ወጣቱ ሥራ ፈትቶ ይዞራል። የአረጋውያኑ ቤት ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ሦስተኛ ይሁን።"

"ሦስተኛ የተባለ ነገር ተሠርቶ አይተህ ታውቃለህ፣ አባባ?" አለች አፊያ።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ታጋክ በአሥር ዓመት ያንሳታል፤ ነገር ግን ስሙ የሟች አባቷ ስም ነው። በልጅነቱ አባባ ስትለው በደስታ ይዘል ነበር። ከደቡብ ተምሮ ከተመለሰ ወዲህ ግን ይህን ወግ አይወድም።

"እዚህ አባባ አትበይኝ! ሥራ ላይ ነን" አለና ፊቱ ቀላ። ከዚያ ካፈርኩ አይመልሰኝ አለ። "ካነሳሽው አይቀር እንነጋገር። ቤቱ ቢሠራ መጀመሪያ የምትገባው ማን ናት? እናትሽ! ይሄ የግል ጥቅም ነው። ስለዚህ ጉዳይ ስንወያይ መሪዋ ከአዳራሹ ትውጣልን።"

ካምቤል ወረቀቱን አገላበጠ። "ክቡርነትዎ፣ ለጥንቃቄ ያህል ቢወጡ ይሻላል መሰለኝ።"

አፊያ ዙሪያውን ቃኘች። አንዱ ጣሪያ ያያል፣ ሌላው ሻዩን ያማስላል። ጆአናሲ እንኳን ዓይናቸውን ጫማቸው ላይ ተክለዋል። እሷ ከወጣች ማንም አፍ አውጥቶ እንደማይከራከር ታውቃለች። ቤቱ ሦስተኛ ይባላል፣ ከዚያ አምስተኛ፣ ከዚያ እናቷ በሣጥን ትመጣለች። ንዴቷ እንባዋን ቀደመው።

"እወጣለሁ" ብላ ተነሳች። "አዎ፣ ለእናቴ ነው! ለማን እንዲሆን ፈልጋችሁ ነበር? ለካምቤል እናት? አላፍርበትም። ግን ሕግ ከሆነ ለኔ ብቻ አይደለም። እናቱ፣ አባቱ፣ አክስቱ ወደ ደቡብ የተላከበት፣ ወይ ነገ የሚላክበት ሰው ካለ ይከተለኝ። ዘመድ ያለው ይውጣ!"

ወደ በሩ አመራች። እጀታውን ስትይዝ አንድ ወንበር ተንቋቋ።

"እናቴ ወጥታ እኔ ምን አባቴ ላደርግ እቀመጣለሁ?" አሉ ጆአናሲ ጉልበታቸውን ይዘው እየተነሱ። "የእናቴ እናት አያቴ አይደለችም እንዴ? በዚህ ዕድሜዬ ኦታዋ የታሰረች አያት አለችኝ፤ እኔ ደግሞ ጫማዬን አያለሁ። ቱ!"

ቀጥሎ አክስቷን ባለፈው በልግ የሸኘች ሴት ተነሳች። ከዚያ የአማቹ ነገር ሲያንገበግበው የከረመ ሰውዬ። ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ በጅምላ። ሊቀመንበሩም ታላቅ ወንድሙ ትዝ ብሎት መዶሻውን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ። አዳራሹ ውስጥ ታጋክና ካምቤል ብቻ ቀሩ።

ጆአናሲ ከበሩ ወደ ታጋክ ዘወር አሉ። "አንተስ? ሚስትህን ጥለህ ትቀመጣለህ?"

"ሚስት?" አለ ካምቤል።

"የኒንጋን ባል ስም የያዘው ማን ነው? ትንሹ ባሌ መጣ፣ ትንሹ ባሌ በረደው እያለች የመጀመሪያ ጓንትህን ማን ሰፋችልህ? ትምህርት ብዙ ያስረሳል፤ ይሄን ያህል ያስረሳል ግን አላልኩም ነበር።"

ታጋክ ከወንበሩ አልተነሳም።

ኮሪደሩ ላይ የመንደሩ ሴቶች እንደ ወጉ ምሳ አዘጋጅተዋል፤ መሬት ላይ ካርቶን ተነጥፎ፣ በላዩ የቀዘቀዘ ጥሬ ዓሣ። ሁሉም ዙሪያውን ቁጢጥ አሉ። አፊያ ኡሉዋን፣ ያቺን እንደ ግማሽ ጨረቃ የሆነች የሴቶች ቢላ አውጥታ ትቆርጥ ጀመር። ሁልጊዜ በምሳ ሰዓት ለእናቷ ትደውላለች፤ ዛሬም ከሰው ልደበቅ አላለችም። ስልኩን ካርቶኑ ጠርዝ ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፈተችው።

"እናቴ፣ አፊያ ነኝ።"

"ማን?"

"አፊያ። ልጅሽ።"

"አላውቅሽም፣ ልጄ። ታጋክ ከአደን ተመለሰ? በረዶው ጸንቶለታል?"

የሚያኝከው ሁሉ ማኘኩን አቆመ። አፊያ ቀና ስትል ታጋክ በሩ ላይ ቆሟል። መቼ እንደመጣ አላየችውም። ና አላለችውም፣ አልለመነችውም፤ ዓይን ዓይኑን አየችው። እሱ ቀስ ብሎ መጣና ተንበርክኮ ስልኩን አነሳው።

"ታጋክ ነኝ" አለ።

"አንተ! የት ጠፍተህ ነው? ሰው ቤት ትተኸኝ ሄድክ እኮ። መቼ ነው የምትወስደኝ?"

ታጋክ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘው። "ሸርተቴውን እየጠገንኩ ነው" አለ በመጨረሻ። "እመጣለሁ። እወስድሻለሁ።"

"ጓንትህን አድርግ ታዲያ፣ ብርድ ነው።"

ስልኩን ለአፊያ መለሰላት። ካምቤል ወረቀቱን እንዳቀፈ ብቅ ብሎ፣ "ከስምምነት ተደርሷል ልበል?" ሲል ሁሉም ታጋክን አዩት። ታጋክ ቅንድቡን ወደ ላይ አነሳ። ከእሱ ቀጥሎ የጆአናሲ ቅንድብ ተነሳ፣ ከዚያ በካርቶኑ ዙሪያ አንድ በአንድ የሁሉም።

"ምንም አልሰማሁም እኮ!" አለ ካምቤል።

"የሚሰማ ሳይሆን የሚታይ ነው" አለች አፊያ። "የአረጋውያን ቤት፣ አንደኛ። ጻፈው።"

"ክቡርነትዎ፣ ግን ይህ አዳራሹ ውስጥ መሆን ነበረበት።"

"እንግዲያው አዳራሹን ወደዚህ አምጣው። እኛ ምሳ ላይ ነን።"

ጆአናሲ እስኪያስላቸው ሳቁ። አፊያ ከዓሣው ሆድ ስብ የበዛበትን፣ ምርጡን ቆርጣ ለታጋክ ዘረጋችለት።

"ወደብህ ሁለተኛ ነው አባባ። እሱንም አብረን እንጨቃጨቅበታለን።"

እሱ ቁራጩን ተቀብሎ ትንሽ አየውና መልሶ ወደ እሷ አፍ አስጠጋው።

"መጀመሪያ አንቺ ብይ" አላት፣ "ልጄ።"