የትንፋሽ ጥያቄ

ጎልፍን ወደ ሶዶ ይዞ የመጣው ዶክተር ተሻገር ነው። ኬንያ ተምሮ ሲመለስ አንዲት ዱላና ጥቂት ኳሶች ሻንጣው ውስጥ ከቶ መጣና፣ በመምህራን መኖሪያ ግቢ ሣር ላይ የወተት ጣሳ ቀብሮ ጎረቤቶቹን ማስተማር ጀመረ። ሰፊ ሜዳ ከየት ይመጣል? ጨዋታው ኳሷን በቀስታ አንከባሎ ጣሳው ውስጥ መክተት ብቻ ነው። ጣጣው ያለው እጅ ላይ ሳይሆን ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ ይህንንም ያስተማራቸው እሱው ነበር።

ታዲያ እሱ ራሱ ያስተማረው ሰው በለጠው። ፀጋአብ የአረካ ልጅ ነው፤ ሂሳብ ያስተምራል፤ ዱላ ከጨበጠ ዓመት አልሞላውም። ይመጣል፣ ጣሳውን አንዴ ያያል፣ ይመታል፣ ትገባለች። ብትስትም ይስቃል። ተሻገርን ያንገበገበው ይሄ ሳቅ ነው። የባሰው ደግሞ ሚስቱ ማኅሌት በረንዳ ላይ ተቀምጣ፣ "እንደ ፀጋአብ ዘና ብትል እኮ ትገባልህ ነበር" ማለቷ። ያን ቀን እራት አልበላም። ቀናሁ ማለት አሳፍሮት ጨጓራዬን አመመኝ አለ።

ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ለጊፋታ በዓል፣ ግቢው ውድድር አዘጋጀ። ሁለቱ ለፍጻሜ ደረሱ፤ ነጥባቸው እኩል ሆኖ አንዳንድ ምት ቀራቸው። ማኅሌት ከፊት ቆማለች። ተሻገር ዛሬ እሷ ፊት ከተሸነፈ ዱላውን ዳግም ላይነካ ለራሱ ምሏል። ፀጋአብ ሊመታ ሲያጎነብስ ጠጋ አለና በወዳጅ ድምፅ ጠየቀው።

"ስትመታ ትንፋሽህን ትስባለህ ወይስ ታስወጣለህ?"

ጥያቄው ሰው እንደሚያፈርስ ያውቃል። ኬንያ ሳለ አንድ ተንኮለኛ ጠይቆት፣ ወር ሙሉ ኳስ አልገባለትም ነበር።

ፀጋአብ ቀና አለ። "እኔ እንጃ ዶክተር። እስቲ ልየው።" አየር ሳበ፣ ቀስ ብሎ እያስወጣ መታ። ጣሳው ቋ አለ።

የተሻገር ተራ ደረሰ። አጎነበሰ። ልሳብ? ላስወጣ? ደረቱ እንደተነፋ መታ፤ ኳሷ የጣሳውን አፍ ታክካ አለፈች።

ፀጋአብ ሮጦ መጥቶ በሁለት እጁ ጨበጠው። "ማስወጣት ነው ለካ። ጌታ ይባርክህ ዶክተር፤ ለራስህ መያዝ ስትችል ለእኔ ነገርከኝ።"

ማኅሌት የባሏን ክንድ ያዘች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"እኔ ደግሞ በልጁ የምትቀና መስሎኝ ነበር" አለችው። "ይቅር በለኝ።"

በዚህ ዓይን እንድታየው ነበር ስንት ወር የተመኘው። ተሻገር ጨጓራውን ያዘ፤ አሁን የእውነት አመመው።