ከጸጉሩ ሥር

ኮአባኔ በረዶው ላይ ተንበርክኮ የሞተችውን በግ ይሸልታል። ከመቀሱ ሥር የሚወጣው ጸጉር ረጅምና ለስላሳ ነው፤ በዕድሜው ከሸለተው ሁሉ ይበልጣል። ከጸጉሩ ሥር ግን ቆዳና አጥንት ብቻ ነበር።

"ዛሬም ሁለት?" አለች ሚስቱ ማሌፉ፣ የበቆሎ አገዳ ተሸክማ ከጎጆው ጀርባ ብቅ ብላ።

"ሦስት።"

"ቆንጆዎችህ የበሉትን ሁሉ ለልብሳቸው አዋሉት። ለገላቸው ምን አስቀሩ?"

እውነቷን ነው። ለዓመታት ጸጉሩ የበዛውን አውራ በግ ብቻ እየመረጠ ሲያራባ ኖሯል። በየሸለታው ወቅት የሞኮትሎንግ ሰው ሁሉ በጎቹን እየዳሰሰ ሲያደንቅለት ልቡ ያብጥ ነበር። ጸጉረ አጫጭሮቹን፣ ድብልብሎቹን አፈረባቸውና ለሟች ወንድሙ ሚስት ለማሴቡዌንግ በማፊሳ ሰጣት። ጸጉራቸው የእሷ ነው፤ በጎቹ ግን የእሱ እንደሆኑ ይኖራሉ፣ በፈለገ ቀን ይወስዳቸዋል።

ዛሬ ፈለገ። ተነስቶ ገመዱን ያዘ።

"ከወንድምህ ልጆች ጉሮሮ ነጥቀህ ልታመጣ ነው?" አለች ማሌፉ።

"የራሴን በጎች ነው የማመጣው።"

ማሴቡዌንግ ከደጃፏ ሆና ሲመጣ አየችው። ገመዱን ስታይ ብርድ ልብሷን አጥብቃ ያዘች።

"ሊወስዷቸው ነው አይደል፣ ጋሼ?"

"በረዶው ጨረሰኝ።"

"የርስዎ ናቸው፤ ምን እላለሁ። ልጆቼን ያለበሱልኝ ግን እነሱ ናቸው።"

በረት ገባ። እዚህም የወረደው ያው በረዶ ነው፤ በጎቹ ግን ቆመው ያመነዥካሉ። እጁ እንደ ልማዱ የአንዲቱን ትከሻ ጸጉር ገለጠ። አጭርና ሻካራ ነው። ከዚያ እጁን ወደ ወገቧ ወሰደና ጫን አለ። አጥንቷን ቢፈልግ አጣው። የራሱን በጎች አንድ ቀን እንኳ እዚህ ጋ ዳስሷቸው አያውቅም።

"ስንቱን ልንዳልዎ?" አለች ከኋላው።

ዓይኑን ከአንዱ በግ ወደ ሌላው አዞረ።

"ያንን ጠቦት" አለ በመጨረሻ። "እሱን ብቻ። ለመጪው ዓመት አውራ እንዲሆነኝ አውሺኝ።"

"የራስዎን?"

"አዎ። አውሺኝ።"

የጠቦቱን አንገት በገመዱ አስራ ሰጠችው። ጠቦቱን እየሳበ ዳገቱን ሲወጣ እስከ መጪው ዓመት ድረስ በሕይወት የሚተርፉለትን እናት በጎች መቁጠር ጀመረና ተወው።