የጃራና የትራኦሬ ስድብ

አሲታን ጃራ እንደ ወትሮዋ ማለዳ ተነሥታ ሰገደች፤ የማሽላ አጥሚቷን ቆማ ጠጣች። ሾፌሯ የማሊን ዋና ከተማ የባማኮን ድልድይ ሲሻገር በመስኮት ሞተር ብስክሌቶቹን እያየች ነበር።

ሃያ ስድስት ዓመት በአምባሳደርነት፣ ሁለት ዓመት በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ሠርታለች። ዛሬ የምትፈልገው አንድ ፊርማ ነው። ድንበሩ ከተዘጋ ሦስት ወሩ፤ ከብቶቹ ወዲህ፣ የውሃ ጉድጓዶቹ ወዲያ ቀርተዋል። የጎረቤት አገሩ ሚኒስትር ሲሪኪ ትራኦሬ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ወደ አገሩ ይበራል።

በስብሰባው አዳራሽ ሲሪኪ ለአራተኛ ቀን ከወረቀቱ ላይ ቀና ሳይል አነበበ። «መንግሥቴ አይቀበለውም።»

አሲታን ፋይሏን ዘጋች። ፈረንሳይኛውን ትታ በሁለቱም አገር በሚነገረው በባምባራ ቋንቋ ተናገረች።

«ስማ ትራኦሬ፣ ከአደንጓሬ ድስት ላይ አንሥተው ነው እንዴ ያመጡህ? አፍህ አልከፈት አለ!»

አስተርጓሚው ከአውሮፓ ለመጡት አደራዳሪ ቃል በቃል አደረሰላቸው። አደራዳሪው ደንግጠው ብድግ አሉ። «ክብርት ሚኒስትር! ስብሰባው ይቋረጥ!»

ሲሪኪ ግን መነጽሩን አወለቀ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«አንቺ ጃራ! ስለ አደንጓሬ የምታወሪው አንቺ? የእናንተ ሰው ሲሞት መጀመሪያ ከጉንጩ አደንጓሬ ለቅመን አይደል የምንቀብረው?»

«ሎሌ ለጌታው እንዲህ አይመልስም።»

«ሎሌው ማን ሆነና!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጃራና ትራኦሬ የሚባሉት ጎሳዎች ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ «አደንጓሬ በላ» እየተባባሉ መሰዳደብ እንጂ መቀያየም አልተፈቀደላቸውም፤ አንዱ ሲለምን ሌላው እምቢ ማለት ነውር ነው። ሲሪኪም አራት ቀን ሙሉ ዐይኗን የሸሸው ይህን ስለሚያውቅ ነበር።

«አሁን አየኸኝ» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በስማችን ነው የምለምንህ። ጉድጓዶቹን ክፈት።»

ሲሪኪ ስልኩን ይዞ ወጣ። ሲመለስ ብዕሩ በእጁ ነበር።

«የፕሬዚዳንታችን እናት ጃራ ናቸው። ፕሬዚዳንቱም ‹ከእናቴ ወገን አፍ ማን አምልጦ ያውቃል› ብለው ሳቁብኝና ፈቀዱ።»

ፈረመ።

በአሥር ሰዓት የድንበሩ አስተዳዳሪ ደወለ። የሚናገረው አልተሰማትም፤ ከብቶቹ እያገሱ እየተሻገሩ ነበር። ሰፈሯ ስትደርስ ሴቶቹ መንገድ ዘግተው እያጨበጨቡ እልል አሉ፤ እሷም ከመኪናዋ ወርዳ አብራቸው አጨበጨበች።

ከዚያ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች። ባሏም ትራኦሬ ነበር። ከሞተ ሁለት ዓመት አለፈው። በዚህ ቤት አሁን የሚሰድባት ሰው የለም።